አክዓብ ከጾመ በኋላ

ይድረስ ለአጎቴ ለመምሬ ገብረወልድ፣ መንዝ። ሁዳዴው እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ለስግደቱ በረታ ወይ? እኛ እዚህ ጎባ ከብርዱ በቀር ደኅና ነን፤ ክብር ለእርሱ ይሁን።

ባለፈው እሑድ ቄሱ የናቡቴን ታሪክ ነገሩን። ንጉሡ አክዓብ ናቡቴን አስገድሎ የወይን ቦታውን ከወረሰ በኋላ ማቅ ለብሶ ቢጾም፣ እግዚአብሔር ራራለት አሉ። ባለቤቴ በየነ ከዚያ ወዲህ ከቆሎ ሌላ አይቀምስም። "ጾም ያስምራል፤ ሰማሽ?" ይለኛል። ቄሱ ግን ታሪኩን አልጨረሱትም።

አሁን የምናርሰው መሬት የጎረቤታችን የአዴ ኩልሱማ ባል ርስት ነበር። ሰውዬው የሞተው መሬቱ ለእኛ በተለካ ቀን ነው፤ በየነም እዚያው ነበር። ማክሰኞ ዕለት አዴ ኩልሱማ ለልጄ ለገብረ መድኅን ወተት ይዛ መጣች። እኔ ሞኝ፣ "በሁዳዴ ወተት ቤቴ አይገባም" ብዬ ከደጅ መለስኳት።

"ሕፃን ይጾማል እንዴ? ስንት ዓመቱ ነው?" አለችኝ።

"አራት።"

ልጁን ትክ ብላ አየችው። "የእኔ ወንድ ልጅ አሥር ሞላው" ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ብቅ አላለችም።

ገብረ መድኅን ፊደል ለመቁጠር ደርሷል። ከፋሲካ በፊት ወደዚያ የሚሻገሩ ነጋዴዎች አሉ። በየነ "ገና ነው" ይላል፤ እባክዎ "ልጁን ላክልኝ" ብለው ይጻፉለት። እኔ እንደለመንኩዎ አይንገሩት።

በጸሎትዎ አይርሱን። መጽሐፉንም ገልጠው ይዩልኝ። ለአክዓብ ከራራለት በኋላ "በልጁ ዘመን ክፉ ነገር አመጣለሁ" ይላል፣ ወይስ እኔ ነኝ ተሳስቼ የሰማሁት?

የወንድምዎ ልጅ ሠርከአዲስ