ከሞተሩ ላይ ከተቀመጠ ሰው፣ ከፊት ለተቀመጡት ሊቀ መንበር

ይድረስ በኦክላንድና በሳን ሆዜ የሚኖሩ ጡረተኞች የመንገድ ማኅበር ሊቀ መንበር ለሆኑት ለክቡር አቶ እንዳልካቸው፣
ባሉበት፤ ይኸውም ከፊት ወንበር።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ስኳርዎ እንዴት ነው? ስለ ጆሮዎ አልጠይቅም፤ ፍጹም ጤነኛና ያልተነካ መሆኑን ከሪፖርትዎ ላይ አንብቤ ደስ ብሎኛል። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ በግራ ጆሮዬ ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ የሱኖልን ዳገት እየወጣ ያለ አንድ ሞተር ከመኖሩ በቀር።

ይህን ደብዳቤ ለብቻዎ ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን እርስዎ ሪፖርትዎን በማኅበሩ ቴሌግራም ላይ ለሁሉ ስለለጠፉት፣ እኔም እንደ ታናሽ አባል የመሪዬን አርአያ ተከትያለሁ። ጉዳዩን ለማያውቁ አንባብያን ባጭሩ ላስረዳ። ማኅበራችን በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሞተርሆም፣ ማለትም አልጋውን፣ ማድቤቱንና መጸዳጃውን አዝሎ የሚሄድ ቤት፣ ለመግዛት ይወስናል። የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ዴንቨር ነው፤ የእትዬ አይናዲስ የልጅ ልጅ ሀኒ እዚያ ትዳራለች። እትዬ አይናዲስን ሐኪማቸው አውሮፕላን ከልክሏቸዋል፤ በተራ መኪና እንዳይሄዱ ደግሞ በየመሀሉ ጋደም ማለት ይፈልጋሉ፣ መጸዳጃም ቶሎ ቶሎ ያስፈልጋቸዋል። ሀኒን ከሕፃንነቷ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ይህ የሚሄድ ቤት ካልወሰዳቸው ሌላ የሚወስዳቸው የለም።

ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ናቸው። አንደኛው ካስትሮ ቫሊ ከአንድ አዛውንት ያገኘነው ቤንዚን ነው፤ ልጆቻችን ጋዝ የሚሉት። ሞተሩ ከፊት፣ በሾፌሩና በጎኑ በሚቀመጠው ሰው መካከል ነው። ሁለተኛው ሳን ሆዜ ያየነው ናፍጣ ሲሆን፣ ሞተሩ ከኋላ፣ መጨረሻ ላይ ካለችው ሶፋ ሥር ነው። ሁለቱንም በሱኖል ዳገት ላይ ሞከርናቸው፤ ሁለቱንም እርስዎ ነዱ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጸሐፊያችን አቶ ሚሊዮን ከጎንዎ ተቀመጡ። ከዚያም በማግሥቱ እንዲህ ሲሉ ጻፉልን፦ «ቤንዚኑ በዳገት ላይ ጆሮ ያደነቁራል። ናፍጣው ግን ጉልበቱ የአንበሳ፣ ጸጥታው የመጻሕፍት ቤት ነው። ድምፅ የለውም። ኮሚቴው ናፍጣው እንዲገዛ አጥብቆ ያሳስባል።»

በዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉኝን ቅሬታዎች፣ ቅሬታ የሚለው ቃል ከከበደም ምስጋናዎች ይባሉልኝ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ቤንዚኑን በተመለከተ የጻፉት እውነት ነው፤ ለዚህም ምስክር ነኝ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። በጆሮዬ ግን አልሰማሁም። ዳገቱ ሲጀምር መኪናው ማርሽ ቀንሶ ወደ ላይ ሲፍጨረጨር፣ እርስዎና አቶ ሚሊዮን አፋችሁን ከፍታችሁ እጃችሁን ስታወናጭፉ ከኋላ ተመለከትን። የተጣላችሁ ነበር የመሰለን፤ እትዬ አይናዲስ «ኧረ አንድ ሰው ይገላግላቸው!» እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ለካ እየተነጋገራችሁ ኖሯል። እኛ ግን ከኋላዪቱ ሶፋ ላይ በለሆሳስ ስናወጋ ቆየን፤ እኔማ ትንሽ ጋደም ብዬ እንደነበር፣ እንዳላንኮራፋሁም የልጄ ልጅ ዮዲ ትመሰክራለች፤ አንኮራፍተሃል ብትልም አትመኗት። ጉልበቱን ከጠየቁኝ ጉልበት እንኳ የለውም። ቲማቲም የጫነ ከባድ መኪና በቀኛችን ቀስ ብሎ አለፈን፤ እጅግ ቀስ ከማለቱ የተነሣ ከቲማቲሞቹ ጋር ዓይን ለዓይን ተያይተናል።

ሁለተኛ፦ ስለ ናፍጣው። ገና ሳንሳፈር ሁላችንንም ከመኪናው አፍንጫ ፊት አሰልፈው ሞተሩን ካስነሱ በኋላ «ስሙ እስቲ! የሚሰማችሁ ነገር አለ?» ብለው ጠየቁን። ያ መኪና የአንድ መጠነኛ ቀበሌ ያህል ርዝመት አለው፤ ሞተሩ ደግሞ ከወዲያኛው ጫፍ ነው። «የለም» አልን። በዚህ ዓይነት የኔ ቢጤ ጠያቂ በር ላይ ሲጮህ ጓዳ የገባ ሰውም የሚሰማው ነገር የለም።

ከዚያ የመቀመጫው ነገር መጣ፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መቼም በእኛ ወግ ታላቅ ሰው በር ላይ አይቀመጥም፤ ወደ ላይ፣ ወደ ውስጥ፣ ከሁሉ ወደሚለሰልሰው መቀመጫ ይወሰዳል። እትዬ አይናዲስ «እኔ እዚሁ በሩ ጋ ይበቃኛል» ቢሉም፣ እርስዎ «ኧረ በጊዮርጊስ! እርስዎን በር ላይ አስቀምጠን ምን ልንባል ነው?» ብለው ክንዳቸውን ደግፈው እስከ መጨረሻው አደረሷቸው። እኔንም «አባባ ሰረቀብርሃን፣ ይግቡ እንጂ፣ ወደ ላይ! ወደ ላይ!» እያሉ አስከተሉኝ። ትራስ ጨመሩልን። እግራችን ላይ ጋቢ ጣል አደረጉልን። በዕድሜዬ ብዙ ሹም አይቻለሁ፤ ሰውን በዚህ ሁሉ አክብሮት ሞተር ላይ ያስቀመጠ ግን ከእርስዎ በፊት አላጋጠመኝም።

በሳን ሆዜ ሜዳ ላይ ነገሩ ደህና ነበር፤ ከሥራችን ድመት ተኝታ የምታንኮራፋ ያህል ነው። ዳገቱ ሲጀምር ድመቲቱ ነብር ሆነች። ዳገቱ ሲጋመስ ነብሩ ተነሥቶ በቦታው ወፍጮ ቤት ተተከለ። ሰው ሠራሽ ጥርሴ ያለ ፈቃዴ ንግግር ጀመረ። ዮዲ ከጎኔ ተቀምጣ፣ ትከሻዋ ትከሻዬን እየነካ፣ በስልክ ቴክስት አደረገችኝ፦ «አባባ፣ ዚስ ኢዝ ክሬዚ።» እትዬ አይናዲስን ብናያቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የትኛው መዝሙረ ዳዊት ላይ እንደደረሱ ለማወቅ ግን አልተቻለም። በዚህ መካከል አቶ ሚሊዮን ከሩቅ አገር ዞር ብለው አውራ ጣታቸውን አሳዩን። እኛም ምን ይደረግ፣ የከበረ ሰው አይደለን፣ አውራ ጣታችንን መለስንላቸው።

ወርደን እርስዎ «እንዴት ነበር ከኋላ? ተመቻችሁ?» ሲሉ፣ እትዬ አይናዲስ ባከበራቸው ሰው ላይ ቅሬታ ማሰማት ነውር ሆኖባቸው «እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደ ቤቴ ነው» አሉ። እኔ ጥያቄው ስላልተሰማኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ይህንንም «የአረጋውያን ምስክርነት» ብለው ሪፖርትዎ ውስጥ አስገቡት። እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፦ ሦስተኛውን ቅሬታ ያሰብኩት ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስለነበር ለራሴም አልተሰማኝም፤ ስለዚህ በይቅርታ ወደ አራተኛው አልፋለሁ።

አራተኛ፦ ቀልዱን ትንሽ ልተወው። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ አይናዲስ ዴንቨር አልሄድም ብለዋል። ለሀኒ የነገሯት «ወገቤን አሞኛል፣ በስልክ እመርቅሻለሁ» ብለው ነው። ወገባቸው ደህና ነው፤ ባለፈው ሳምንት ኤመሪቪል ገበያ ውስጥ ጋሪ እየገፉ እኔን ቀድመውኛል፣ ያውም ዞር ብለው እየሳቁብኝ። እውነቱ ሌላ ነው። ከዚህ እስከ ዴንቨር ካለው ተራራ ጋር ሲነጻጸር ሱኖል የምስጥ ኩይሳ ነው፤ እሳቸውን ያንን ሁሉ ዳገት ወፍጮ ላይ ተቀምጠው መውጣቱ አስፈርቷቸዋል። ይህን ለእርስዎ አይነግሩዎትም። ትራስ ደርቦ፣ ጋቢ አልብሶ ያስቀመጣቸውን ሰው ማሳፈር ከሚሆን፣ ከሠርጉ መቅረትን መርጠዋል። ሀኒ ደውላልኝ እያለቀሰች «አባባ፣ እማማ ካልመጣች ዴቱን ፑሽ አደርገዋለሁ» አለችኝ። አዳራሽ የተያዘለት ሠርግ ሰው ሞቷል ተብሎ ካልሆነ በቀር እንደማይገፋ እርስዎም ልጅ የዳሩ ነዎትና ያውቃሉ። ሙሽራ ደግሞ የአያቷን ጉልበት ስማ ነው የምትወጣው። ይህ ቴሌግራም ብዙ ነገር ይችላል፤ ጉልበት ግን አያስስምም።

አምስተኛ፦ የናፍጣ ጠላት መስዬ እንዳልታይ እፈራለሁ። ጉልበቱማ እውነት ነው! ያንኑ ዳገት፣ እነዚያኑ ቲማቲም የሚጭኑትን መኪናዎች አንድ በአንድ እየተሰናበተ ነው የወጣው። ለዴንቨር መንገድ እንዲህ ያለ ሞተር ነው የሚያስፈልገው፤ ቤንዚኑ ተራራው እግር ሥር ቆሞ ቢያለቅስብን ማን ይገፋዋል? ኮሚቴው በሙሉ ተሰብስቦ ቢገፋም ዕድሜያችን ተደምሮ ከሞተሩ ጉልበት አይበልጥም። እኔ የምለው እንዲህ ነው፤ ሁለቱም ሞተሮች ይጮኻሉ። ቤንዚኑ ከፊት ያሉትን አደንቁሮ ከኋላ ያሉትን ያስተኛል። ናፍጣው ከኋላ ያሉትን አደንቁሮ ከፊት ያሉትን ያስተኛል፤ ይህም ለሾፌር ጥሩ እንዳልሆነ በዚሁ አጋጣሚ በትሕትና አስታውሳለሁ። ሪፖርቱ የተጻፈው ሁለቱንም ጊዜ ከፊት ወንበር ነው። በቤንዚኑ ቀን የእርስዎ ጆሮ ታመመ፣ ቤንዚኑ ወደቀ። በናፍጣው ቀን የእኛ ጆሮ ታመመ፣ ናፍጣው አለፈ። ስለዚህ መኪናዎቹ ሁለት ቢሆኑም የተመረመሩት ጆሮዎች የእርስዎ ብቻ ናቸው፤ እነሱም እንዳልኩት ደህና ናቸው።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ቅዳሜ ያንን ናፍጣ እንደገና አስፈቅደን ወደ ሱኖል እንውጣ። አቶ ሚሊዮን ይንዱ። እርስዎ ግን ለሊቀ መንበርነትዎ በሚመጥን ክብር ወደ ላይ፣ ወደ ውስጥ አልፈው ሶፋዋ ላይ ይቀመጡልን፤ በር ላይ ቢቀመጡማ እኛስ ምን ልንባል ነው? ትራሱን እኔ እደርባለሁ፤ ጋቢውንም ከቤት አመጣለሁ። ሪፖርቱን እዚያው ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሆነው ይጻፉት፤ የእጅ ጽሑፍዎን ለማንበብ ማኅበሩ በትዕግሥት ይሞክራል። ከወረዱ በኋላ «ድምፅ የለውም» ካሉ፣ እሑድ ከሁሉ ቀድሞ እጁን የሚያወጣው እኔ ነኝ። ሌላ ነገር ካሉ ደግሞ፣ ማን የት ይቀመጥ የሚለውን ከኮሚቴው ጋር ሳይሆን ከእትዬ አይናዲስ ጋር ይምከሩበት።

በተረፈ ከእኛ ርቀው፣ ለብቻዎ በጸጥታው ውስጥ የመንዳትን ከባድ ኃላፊነት ስለተሸከሙልን ማኅበሩ ለዘለዓለም ያመሰግንዎታል።

ወገብዎን ለረጅሙ መንገድ፣ ጆሮዎን ለአባላትዎ ጠብቆ ያቆይልን እያልኩ፣ ከማይነጥፍ አክብሮትና ከቀረችኝ አንዲት ጤነኛ ጆሮ ጋር፣

ሰረቀብርሃን
የማኅበሩ አባል፣ የዮዲ አያት፣ የክብር ቦታ ተቀማጭ
ኦክላንድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስማቸውን ስላነሣሁ፣ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለእትዬ አይናዲስ ደውዬ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው ሲስቁ ቆዩና «ተው ሰውየውን አታስቸግረው፤ ናፍጣው ይገዛ። ያንን ሁሉ ከባድ መኪና ሲያልፍ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር» አሉኝ። ዴንቨርም ሊሄዱ ቆርጠዋል፤ ለሀኒ ደውለውላታል። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አቶ ሚሊዮን ከእኔ ጋር ወደ ክብር ቦታው ይዘዋወሩና እሳቸው ከእርስዎ ጎን ይቀመጣሉ። ያ ወንበር ወደ ኋላ ጋደም እንደሚል ዮዲ ቼክ አድርጋለች። እርስዎ ሊቀ መንበር ከሆኑበት ቀን ጀምሮ በይሉኝታ ሳይነግሩዎት የተጠራቀመባቸው ነገር አለ፤ ዴንቨር እስክንደርስ ያልቃል ይላሉ፣ ባያልቅም መመለሻ አለ። ከፊት ወንበር ምንም የሞተር ድምፅ እንደማይሰማ እርስዎ ራስዎ በፊርማዎ ያረጋገጡ በመሆኑ፣ አንዲት ቃል እንኳ አታመልጥዎትም።