ላንድ ሽማግሌ የተሠራ ዘመን

ለምወድህ ወንድሜ ለጎሽታስፕ፣ ቦምቤይ፤

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ ፒሩዛ፣ ልጆቹ፣ የዳቦ ምድጃህስ እንደምን ናችሁ? ዝናቡ ዘንድሮም ቤታችሁ ገባ? ያዝድ ያጣችው ዝናብ ሁሉ እናንተ ጋ እንደሚፈስ ሰምተናል፤ አንቀየምም። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁና ቀለሙ ጫፉ ላይ ደረቀ።

እናታችን ካረፈች የመጀመሪያው ዓመት መሙላቱ ነው። ሙታን ዓመቱ ሲያበቃ በትርፎቹ አምስት ቀኖች ወደ ቤታቸው ይመጣሉ፤ የመጀመሪያው ወር የፋርቫርዲን መባቻ ጎሕ ሲቀድ ጣሪያ ላይ እሳት ነድዶላቸው ይመለሳሉ። ወሩም ስሙን ያገኘው ከነሱ ነው። እስከዚህ መንደሩ ሁሉ ይስማማል። ጠቡ መቼ ይመጣሉ የሚለው ላይ ነው።

የማኅበሩ ሹማምንት አዲሱን አቆጣጠር ካወጁ ወዲህ ፋርቫርዲን በጸደይ ይገባል። የአባባ ግን በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን መጨመር የማያውቀው የጥንቱ ነው፤ ስንት መቶ ዓመት ሲንሸራተት ኖሮ አሁን በሐሩሩ መካከል ወድቋል። እንግዲህ ሙታኖቻችን በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲመጡ ይጠበቃል። በሕይወት ያለኸው አንተ እንኳ በዘጠኝ ዓመት አንዴ አልመጣህም።

ታናሻችን ሻህርያር ለአዲሱ ወገነ። በጸደይ በራሱ ጣሪያ እሳት አነደደ፤ የኛ ጣሪያ ጨለማ ነበር። “አባባ፣ አዛር የእሳት ወር ነው፤ በብርድ መዋል አለበት። በሙቀት ማን እሳት ይፈልጋል?” ብሎ ሊያስረዳቸው ሞከረ። አባባም “እሳትን የምናከብረው ስለበረደን ነው እንዴ? እንዲያማ ከሆነ ድመቷም አማኝ ናት” አሉት። “እናትህ የምታውቀው ፋርቫርዲን አንድ ነው። አዋጁ አልደረሳትም።” ከዚያ ወዲህ ሻህርያር ደጃችንን አልረገጠም።

የከፋው ከዚያ በኋላ ነው። አባባ ዓይናቸው ፈዘዘ፤ ከአልጋ መውረድ አቆሙ፤ እህልም እየተዉ ሄዱ። አንድ ቀን ሾርባ ሳቀርብላቸው “አንቺ ልጅ፣ አትድከሚ። እናትሽ በእሳቱ ጎሕ ስትመለስ አብሬያት እሄዳለሁ” አሉኝ፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው። አባባ እሄዳለሁ ብለው ሲቀሩ አይተን እናውቃለን?

በየጠዋቱ ቀኑን የሚጠይቁት እኔን ነው። ቀኖቻችን የየራሳቸው ስም አላቸውና አንዱን ስም ሁለት ጠዋት ደገምኩት። አላረሙኝም። ሌላም ደገምኩ። በዓሉ ገና ሩቅ ሲመስላቸው “እስከዚያማ” እያሉ ሾርባውን መጎንጨት ጀመሩ። ትምህርት ቤት አዲሱን አስተምራለሁ፤ ቤት ገብቼ ላንድ ሽማግሌ የሚበቃ ሦስተኛ ዘመን እቆጥራለሁ። ሹማምንቱ ለዚህ ኮሚቴ አስፈልጓቸው ነበር። ጎረቤታችን ኾርማን “ለበዓሉ ዘይት ገዛሽ?” ብላ ከደጅ ስትጮህ ግን ሮጬ ወጣሁ። “እትዬ፣ ቀስ በይ፤ አባባ ተኝተዋል” አልኳት። “እንግዳ እየመጣ ይተኛል?” ብላ እየተነጫነጨች ሄደች።

እውነተኞቹ አምስት ቀኖች ገቡ። ለሙታን የሚበራውን መብራት አላበራሁም። ሽታው እንዳያሳብቅብኝ የበዓሉን የዘይት ዳቦም አልጠበስኩም። ዛሬ ጠዋት ስገባ አባባ ያለ ደጋፊ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ቀኑን አልጠየቁኝም። “እናትሽ ከመጣች ሰነበተች” አሉ። “ቤቱን ምን አጨለመው ትላለች። የዘይት ዳቦውስ አለችኝ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ውላ ይደክማታል ብዬ ሸፈንኩልሽ።”

ኾርማን ነግራቸው ይሆን ብዬ ጠየቅኳት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እግሬ አልገባም ብላ በእሳቱ ማለች።

የእሳቱ ጎሕ ነገ ነው። ምክር እንዳልጠይቅህ፣ ይህ ደብዳቤ ባሕር ሳይሻገር ነገሩ ያልቃል። እሳቱን ካነደድኩ አባባ ይሄዳሉ። ካላነደድኩ እናታችን በጨለማ ትመለሳለች፤ እሳቸውም በጨለማ የሚከተሏት ይመስለኛል። ሻህርያር ጋ ልኬ ነበር፤ “እኔ በጸደይ አንድጃለሁ” አለ። ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ሸክም ደረቅ እንጨት ደጃችን ተቀምጦ አገኘሁ፤ የታሰረው በሱ ገመድ ነው። ጣሪያ ላይ አውጥቼዋለሁ። አነደዋለሁ። ዳቦውንም ጠብሻለሁ፤ አባባ ሽታውን እየሳቡ ነጩን ሸሚዛቸውን አምጪ ብለውኛል።

ፒሩዛን ሰላም በልልኝ። የሲሚንዶኽትን ጉንጭ ሳምልኝ፤ ራሺድንም ግንባሩን። ሻህርያር ሰላም በይልኝ አላለም፤ ቢሆንም እንዳለ ቁጠርለት። አባባ ደግሞ እንዲህ ብለዋል፦ “የቦምቤይ ሰዎች ፋርቫርዲን ከኛ አንድ ወር ይዘገያል። ያን ጊዜ ከእናቱ ጋር ብቅ እንላለን፤ መብራቱን እንዳያጠፋ በይው።”

እህትህ ሞርቫሪድ

ያዝድ አጠገብ፣ በአባታችን ቤት፤
በአባባ አቆጣጠር የ1309 ዓመት የመጨረሻ ቀን፣ ሳይደገም።