ሞተሯ አልዛገችም

ሐይቅ፣ ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቀኑ ብራ ነው፤ ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል የለም። ከሐይቁ በኩል ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይነፍሳል። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እናትህ ብቻ ነን። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ እርሳቸው ምስር ይለቅማሉ፤ በየመስመሩ "አሁን ምን አልሽው?" እያሉ ያስቆሙኛል።

ውድ ኡበይድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ጂዳ ሲገባ በጤናና በዓፊያ ያግኝህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ከክረምቱ አሁን ይሻላል። ከቤታችን በላይ ያለው ጤፍ አሽቷል።

ደብዳቤውን ማን ጻፈላት ብለህ እንዳታስብ፤ እኔው ነኝ። ስኳርና ሳሙና ከሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ፊደል ስለቅም ዓመታት ሆነኝ። አንተ ሳትሄድም ትንሽ ትንሽ እችል ነበር፤ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። በስልክ ያልነገርኩህ ለምን መሰለህ? ስልክ ላይ አንተ ትናገራለህ፣ እኔ "እሺ" እላለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቆረጣል። ጓደኛህ ሙሀይሚን እረፍቱን ጨርሶ ቅዳሜ ወደ እናንተ ስለሚመለስ በእሱ እጅ እሰድልሃለሁ።

ባለፈው እሁድ ስትደውል፣ "ሞተሯ እዚያ ቆማ ከምትዝግ ዘይኑ መጥቶ ይውሰዳት" አልከኝ። እኔም እንደ ልማዴ "እሺ" አልኩ። ወንድምህ ዘይኑልአቢዲን ነገ ጠዋት ከደሴ እንደሚመጣ አስታውቆኛል። ቁልፉን እሰጠዋለሁ። ግን ከመስጠቴ በፊት አንድ ያላወቅከውን ነገር ልንገርህ። ሞተሯ አልቆመችም።

በሸራ ሸፍነሃት በሄድክ በዓመቱ ቀይዋ ዶሮ ጠፋችብን። ሦስት ቀን ፈለግናት። እናትህ "በቃ ሽለምጥማጥ በልቷታል" ብለው ተስፋ ሲቆርጡ፣ ሸራው ሥር አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ገልጬ ባይ መቀመጫው ላይ አሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። ስፖንጁን ቦጫጭቃ ጎጆ ሠርታበታለች። ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ታገስኳት። ከዚያ መቀመጫውን ልጠርግ ስል ጎማውን የሚያዞረው ካቴና ላይ ዝገት አየሁ፤ ደነገጥኩ። ኡበይድ ሲመጣ ምን እለዋለሁ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

መቼም አትረሳውም፤ እሁድ እሁድ ስትጠግናት ፒንሳና ካቻቢቴ የማቀብልህ እኔ ነበርኩ። "ያንን አይደለም፣ ትንሹን!" እያልክ ትቆጣኝ ነበር። አሥር ዓመት ሲያቀብል የኖረ ሰው የትኛው ለምን እንደሆነ ያውቃል። ካቴናውን በናፍጣ አጥቤ ዘይት ቀባሁት። እሳት የምትረጨውን ካንዴላዋን ፈትቼ በሽቦ ብሩሽ ፋቅኳት። ሰልባትዮው ውስጥ የቆየውን ቤንዚን ደፋሁት፤ ሽታው ቀለም ቀለም ይል ነበር። በሁለት የውሃ ሃይላንድ አዲስ ቤንዚን አስቀድቼ ሞላሁ። ብረግጣት፣ ብረግጣት እምቢ አለች። ዘጠነኛው ላይ ጮኸች።

እናትህ "ኡበይድ መጣ!" እያሉ ከጓዳ ወጡ።

እኔን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ "በይ አታጥፊያት፤ ትንሽ ትጩህ" አሉኝ።

መንዳቱን ከፈጅር ሰላት በኋላ፣ ሰው ሳይወጣ፣ ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ተማርኩ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። አንዴ የጋለው የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው፣ እግሬን አቃጠለኝ፤ አሁን ድኗል፣ ጠባሳው ብቻ ነው የቀረው። ዋናው ነገር ማርሽ ካስገቡ በኋላ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው፤ ይህን መቼም አንተ ታውቀዋለህ። "ሱሪውንም ጻፊለት" ይሉኛል እናትህ። ከቀሚሴ ሥር ያንተን ግራጫ ሱሪ እለብሳለሁ። እግሩን አሳጥሬዋለሁ፤ ይቅር በለኝ።

ሰው ያወቀው አምና ኅዳር ላይ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የቀብር ዕድራችን የቅሬው ዳኛ ጋሼ ሙላት ደጃፋችን ላይ ቆሙ። ከታች ሰፈር አንድ ሽማግሌ ሌሊቱን አርፈዋል፤ ቀብሩ ከዐስር ሰላት በፊት ነው። አንድ እህታቸው ያሉት ደግሞ አምባሰል፣ ከውጫሌ በላይ ካለው ዳገት ላይ ነው። በእግር የተላከ ሰው አይደርስም። ስልክም እዚያ አይሠራም፤ ቢሠራስ መርዶ በስልክ ይነገራል?

"ሙጂባ፣ የኡበይድ ሞተር ትነሳለች?" አሉኝ።

"ትነሳለች።"

"ተመስገን! ማን ይነዳታል ታዲያ?"

እኔ መሬት መሬት አየሁ። እናትህ ከውስጥ ሆነው "ማን እንዲነዳት ፈለግህ? ዶሮዋ?" አሉ።

ሄድኩ። እህትየውን ከኋላዬ አስቀምጬ አመጣኋቸው። ወንድማቸው ሳይከፈኑ ደርሰው ፊታቸውን አዩ።

ከዚያ ወዲህ የሩቅ ዘመድ ያለው ሰው ሲሞት ቅሬው እኔን ይልካል። ጉዱ የመጣው ግን በወሩ ነው። እዚያው አምባሰል መንደር ማር ልገዛ ሄድኩ። ገና ዳገቱን ስጀምር የሞተሯን ድምፅ የሰማች አንዲት ሴት እሪ አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። አናቱ ላይ ስደርስ መንደሩ በሙሉ ወጥቷል። ሉብና የምትባል ሴት፣ አባቷ ሐይቅ ታመው የተኙባት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደረቷን ትመታለች።

"ንገሪኝ! አባቴ ነው?"

"ኧረ ማንም አልሞተም። ማር ልገዛ ነው የመጣሁት።"

ሉብና ደረቷን መምታቷን ተወች።

"ማር?" አለች ሉብና።

"አዎ፣ ማር።"

"አላህ ይይልሽ! ይህን ሁሉ እንባ አሁን ማን ይመልስልኛል?"

አንዲት አሮጊት ከኋላ ሆነው "አስቀምጪው ልጄ፣ እንባ አይሻግትም" አሏት። ያን ጊዜ መንደሩ ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ሉብናም እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ማሩን ስትሰፍርልኝ ግን "ይህ ያስለቀስሽኝ ነው" ብላ አንድ ጭልፋ ወደ ማድጋዋ መለሰችው።

የዚያኑ ዕለት ተስማማን። ለመርዶ ከመጣሁ ሞተሯን ዳገቱ ሥር አጥፍቼ በእግሬ እወጣለሁ፤ ሽማግሌ ፈልጌ፣ ከፊት አስቀድሜ፣ እንደ ወጉ። ለደህና ከሆነ ከታች ጀምሬ ክላክስ እየነፋሁ ደጃፋቸው ድረስ እገባለሁ። አሁን ክላክሴን ሲሰሙ ሴቶቹ ከሩቅ "ማር ገዢዋ መጣች!" እያሉ ይሳሳቃሉ። ጋሼ ሙላትም ስሜን ቅሬው መዝገብ ላይ ጻፉት። ያንተን አልሰረዙትም፤ ከጎንህ ነው ያስገቡኝ።

በሌላው ቀን ዓሣ እወስዳለሁ። ጠዋት ከአጥማጆቹ ተቀብዬ፣ ከኋላ በማስረው ሣጥን ውጫሌ አደርሳለሁ። መንገዱን እወደዋለሁ። ስሄድ የአምባሰል ተራራ ከፊቴ ነው፤ በእያንዳንዱ ኩርባ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ብቅ ይላል። ሰው በሌለበት ስደርስ በአምባሰል ቅኝት የመጣልኝን አንጎራጉራለሁ። ሞተሯ ስለምትጮህ ማንም አይሰማኝም። ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ዘንድሮ መስከረም ሃያ አንድ ደግሞ ጎረቤታችን ስህን ግሸን የምትሄድበት አውቶቡስ ሞልቶባት አለቀሰች። "ተይ አብሽሪ" ብዬ አደረስኳት፤ መኪኖቹ ከሚቆሙበት ወዲያ በእግሯ ወጣች፣ እኔ ታች ጠበቅኳት። ስንመለስ ሞተሯ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ስህን "እመቤቴ ድረሺልን፣ እመቤቴ ድረሺልን" ትላለች፤ እኔ ካንዴላዋን ፈትቼ ጥቀርሻውን በቢላ እፍቃለሁ። መልሼ አስሬ ስረግጣት በአንዴ ተነሳች።

"አየሽ? ማርያም ናት!" አለች ስህን።

"ካንዴላዋ ናት እንጂ።"

"ካንዴላዋ መሆኗን ማን አሳየሽ?"

እስከ ሐይቅ ድረስ ስታሾፍብኝ መጣች።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ልከራከርህ አይደለም። ለወንድምህ የሰጠኸው ምን እንደሆነ እንድታውቅ ብዬ ነው። የኋላ ጎማው አዲስ ነው። የፊቱ ካላማዳሪያ ሁለት ቦታ ተለጥፏል፤ አየር ግን አያስወጣም። የፊት ፍሬኗ በድንገት ይይዛል፤ ዘይኑ ቀስ ይበል። ጠዋት ጠዋት ብርድ ስለማትወድ ከተነሳች በኋላ ትንሽ ቆሞ መጠበቅ ነው። ቸኩሎ ከነዳት ታኮርፋለች። ይህንን ለእሱም እነግረዋለሁ፤ እሱ ግን የሰው ምክር እንደማይሰማ ታውቃለህ።

እናትህ ቅድም "የሚመለስ ሰው ሞተሩን ለሰው አይሰጥም" አሉ። እንድጽፈው አይደለም፤ ለምስሩ ነው የነገሩት። እኔም አልጠየቅኩህም።

አላህ በሰው አገር ሰው አያሳጣህ። የምትሠራበት ጉልበት አይክዳህ፤ የምትበላው ይስማማህ። እናትህ "መንገድህን ያቅናው፣ ወጥተህ አትቅር" ብለው እጃቸውን ዘርግተው መርቀውሃል። እኔም አሚን ብያለሁ።

ባለቤትህ ሙጂባ

አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

ደብዳቤውን ሳላሽገው ቀረሁ። ዛሬ ጠዋት ያደረግኩትን ልጨምርልህ።

ፈጅርን ሰግጄ ሞተሯን በጨርቅ አጠብኳት። ዘይቷን አየሁ፤ ሙሉ ነው። ወደ ሐይቁ ወርጄ፣ የመጨረሻዬ ነው ብዬ፣ አንድ ሣጥን ዓሣ ተቀበልኩ። በእርጥብ ጆንያ ሸፍኜ ጥላ ሥር አስቀመጥኩት፤ ሞተሯ ከሄደች በባጃጅ እወስደዋለሁ ብዬ ነበር። ዘይኑ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። አቧራ ማራገፊያ ጨርቅና የጎማ መንፊያ ይዟል።

"ይቺ ናት?" አለ።

"እሷው ናት።"

"ማን አሠራት?"

"እኔ ሠራኋት።"

ሳቀ። እናትህ አልሳቁም፤ እሱም ሳቁን ተወው።

"በይ እትዬ፣ ቁልፉን ስጪኝና ልሂድ።"

ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። እጄን ዘረጋሁ፤ እሱም መዳፉን ከሥር አደረገ። ጣቶቼ አልተከፈቱም። መጀመሪያ ሆን ብዬ አይደለም፤ በኋላ ግን ሆን ብዬ ነው።

"ዘይኑ፣ አልሰጥህም" አልኩት።

"እንዴ! ያለው እኮ ወንድሜ ነው!"

"ወንድምህ ያለው ቆማ ከምትዝግ ነው። ዝገት ካገኘህባት ውሰዳት።"

ዘይኑ ተንበረከከ። ካቴናውን በጣቱ አሸው። የጎማዎቹን ቸርኬ ዙሪያውን አየ። ማርሚታው ሥር አጎንብሶ ገባ። ሲነሳ ጣቱ ላይ የነበረው ዘይት ብቻ ነው። እናትህ "ጆሮዋንም እይላት እንጂ" አሉት። ጣቱን ይዞት በመጣው ጨርቅ ጠረገ።

ቁርስ አቀረብኩለት፤ በላ። "መናኸሪያ ላድርስህ፣ ውጣ" አልኩት። ከኋላ ስለተቀመጠ የዓሣውን ሣጥን ጭኑ ላይ አቅፎ ያዘልኝ። እስክንደርስ ሦስት ጊዜ "ቀስ በይ እትዬ!" አለኝ። የነዳሁት ቀስ ብዬ ነበር።

የደሴው ሚኒባስ በር ላይ እግሩን አሳርፎ ዞረ። "ወንድሜ ሲደውል ምን ልበለው?" አለኝ።

"ሥራ ላይ ናት በለው" አልኩት።

ሣጥኑን ከእጁ ተቀብዬ ከኋላ አሰርኩ። እሱ ወደ ደሴ ሄደ። እኔ ዓሣው ፀሐይ ሳይበረታበት ወደ ውጫሌ ነዳሁ።