አቶ ደምመላሽ ሀብቱ እና «ደረቅ» የተባለው ወይን

አቶ ደምመላሽ ሀብቱ ከአባታቸው ከአቶ ሀብቱ ወልደ ሰማያትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርትሁን አስፋው፣ ጥር 12 ቀን 1949 ዓ.ም. በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ በድሬዳዋ ከተማ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ በሚጥሉት ጠጅ በሰፈሩ የታወቁ ነበሩ። ጠጁ መድረሱን የመቅመስ ሥልጣን የታላቅ እህታቸው የወይዘሮ ፋንታዬ ብቻ ነበር። አቶ ደምመላሽ ጋኑ አጠገብ ድርሽ እንዳይሉ ይከለከሉ ነበር፤ ይህንንም እስከ እርጅናቸው አልረሱትም።

አማርኛና ፈረንሳይኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሩ። ፈረንሳይኛው የገባቸው ግን ከክፍሉ ይልቅ ባቡር ጣቢያው ላይ ስለነበር፣ ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ቋንቋ ሲናገሩ የባቡር መነሻ ሰዓት የሚያስታውቁ ይመስሉ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ባቡሩ በጦርነቱ ምክንያት ሲቋረጥ ሐዲዱን እየተከተሉ በእግራቸው ጅቡቲ ገቡ። እዚያም አምስት ዓመት በወደብ መጋዘን ሠሩ። ለፈረንሳይ ወታደሮች የሚመጣውን የወይን ሣጥን ተሸክመዋል፤ አንዲት ጠብታ ግን አልቀመሱም።

በ1983 ወደ ኦክላንድ መጡ (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፓርኪንግ ጠበቁ፣ ታክሲ ነዱ። በ1992 ከወይዘሮ መነን ብርሃነ መስቀል ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ባስልኤልንና ዮዳሄን ወለዱ። በ1994 በኦክላንድ አቅራቢያ ባለችው ኒውአርክ ውስጥ ወይን ከውጭ በሚያስመጣ ድርጅት መጋዘን የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነጂ ሆነው ተቀጠሩ፤ በ2019 ጡረታ እስኪወጡም እዚያው ሠሩ።

አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው ከዚህ በኋላ ባለው ነገር ስለሆነ በደንብ መነገር አለበት። በመጋዘኑ፣ የተለጠፈበት ወረቀት የተቀደደ ጠርሙስ ለሠራተኛ በርካሽ ይሰጥ ነበር። ሰዉ የሚሻማው ስሙን በሚያውቀው በቦርዶ ወይን ነበር። አቶ ደምመላሽ ወረቀቱን ማንበብ ስለሚችሉ፣ ማንም ያልነካውን፣ ላንግዶክ ከሚባለው የደቡብ ፈረንሳይ አካባቢ የመጣውን ወሰዱ። በ1997 ከትንሣኤ በኋላ በአንድ እሑድ፣ ኮርቢየር የሚባል የሰባት ዶላር ቀይ ወይን ከወይዘሮ መነን ቀይ ወጥ ጋር ከፈቱ። አሸተቱና ብርጭቆውን ለባለቤታቸው አቀበሉ። ወይዘሮ መነን አሽትተው፣ «ጦስኝ ማን ጨመረበት?» አሉ። ማንም አልጨመረበትም። ወይኑ በሚበቅልበት ኮረብታ የጦስኝ ዘመድ የሆነ ቅጠል ሞልቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍለጋ ሆነ። ደንባቸው ሁለት ነበር፦ ከአሥራ ሁለት ዶላር በላይ አይገዙም፤ ያለ ምግብ አይቀምሱም። ውድ ወይን በርበሬ ፊት እንደሚያፍር ደረሱበት። በእንጨት በርሜል ብዙ የቆየው ቀይ ከወጥ ጋር ይመርራል፤ ገና ወጣት የሆነው የላንግዶክ ቀይ ግን ከወጡ ጋር ይግባባል። ነጩን ለማግኘት ሦስት ዓመት ፈጀባቸው። በመጨረሻ ከሜዲትራንያን ዳርቻ የሚመጣ ፒክፑል የሚባል ነጭ አገኙ፤ ሎሚ ሎሚ የሚል፣ የክትፎን ቅቤ ከምላስ ላይ ጠርጎ የሚወስድ። ሁሉንም በአማርኛ ደብተር ላይ አሰፈሩ። «ሚኔርቯ፣ ቀይ፣ ዘጠኝ ዶላር፤ ለጥብስ ይሆናል፣ ለዶሮ አይበቃም» ይላል አንዱ። ሌላው «ለአማት» ብቻ ይላል፤ ምስጋና ይሁን ስድብ ሳይገልጹ አልፈዋል። በጾም የወይኑ ቁም ሣጥን ይቆለፍ ነበር፤ ቁልፉን የሚይዙት ወይዘሮ መነን ነበሩ።

በ2006 ባልና ሚስቱ ላንግዶክን ሄደው አዩት። አንድ ወይን ጠማቂ ገበሬ የአቶ ደምመላሽን ፈረንሳይኛ በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ፣ ባቡሩ ከየትኛው መስመር እንደሚነሣ ጠየቃቸው። ይህን ቀልድ በራሳቸው ላይ ደጋግመው ያወሩት ነበር።

ከሪችመንድ እስከ ሳን ሆዜ ድግስ ያለበት ሁሉ ይደውልላቸው ነበር። ለሁለት መቶ ሰው ምን እንደሚገዛ ሲጠየቁ፣ «መጀመሪያ ምን ልታበሉን ነው?» ይሉ ነበር። በእሳቸው ምክር ብዙ ሰው በማያውቀው ስም ፊት ከመደንገጥ ድኗል።

አንድ ነገር ግን አልተፈታላቸውም። ስኳሩ ያለቀውን ወይን ፈረንጆቹ በየቋንቋቸው «ደረቅ» ይሉታል። አቶ ደምመላሽም ቃሉን እንዳለ ወደ አማርኛ አመጡት። ጠጅ ቤት ያደገ ሰው ግን ደረቅ ሲባል ሰው የሚጥለው ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ደረቅ መጠጥ ደግሞ አረቄና ውስኪ ነው።

ወይዘሮ ፋንታዬና ባለቤታቸው አቶ ባዩ በ1998 በዲቪ መጥተው ሳን ሆዜ ይኖሩ ነበር። አቶ ባዩ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ደረቅ መጠጥም ላይቀምሱ ለንስሐ አባታቸው ቃል ገብተዋል። በግንቦት 2017 በባስልኤል የምርቃት ድግስ ላይ ሌላው ሰው ለስላሳ ሲጠጣ አቶ ባዩ ውኃ ይዘው ተቀመጡ። አቶ ደምመላሽ አዘኑላቸውና ከፒክፑሉ ቀዱላቸው። «ጋሼ ባዩ፣ አይስጉ፤ ይኼ ደረቅ ነው፣ የእርስዎ ነው» አሏቸው።

ወይዘሮ ፋንታዬ ነጠላቸውን አነሡ። «ባሌን በልጅህ ምርቃት ቀን ልትቀብርልኝ ነው?» ብለው፣ እህል ሳይቀምሱ ባላቸውን ይዘው ወጡ። አቶ ባዩን የቆጫቸው ብርጭቆው እንዳለ መቅረቱ ብቻ ነበር።

አቶ ደምመላሽ በማግስቱ ስልክ ደውለው ለማስረዳት ሞከሩ። ደረቅ ያሉት አይጣፍጥም ለማለት እንደሆነ ተናገሩ። ወይዘሮ ፋንታዬም፣ «ካልጣፈጠማ ለባሌ ለምን ቀዳህለት?» ብለው ዘጉት። አቶ ደምመላሽ ዳግመኛ አልደወሉም። ወንድምና እህት ሁለቱም ደረቅ ነበሩ፤ ይህኛው ትርጉም ማንንም አያሻማም። ስምንት ዓመት በሰው ለቅሶ ላይ ሲገናኙ፣ ወይዘሮ ፋንታዬ ወይዘሮ መነንን ስመው ወንድማቸውን ያልፉ ነበር። አቶ ደምመላሽ ጥሩ ነጭ ባገኙ ቁጥር ግን አንድ ጠርሙስ ለይተው «የእቴ» ብለው ያስቀምጡ ነበር። ሃያ አራት ደርሶ ነበር።

በየካቲት 2025 የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሐኪሞቹ የሰጧቸው ጊዜ ወራት ብቻ ነበር። አቶ ደምመላሽ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ እህታቸው እንዲመጡ። ነገር ግን ሕመማቸው ለእህታቸው እንዳይነገር አጥብቀው ከለከሉ። «ሕመሜን ሰምታ ከመጣች የታረቀችው ከሕመሜ ጋር ነው» አሉ። ቤተሰቡ ለመናቸው፣ ተቆጣቸው፤ አልሆነም። መጋቢት አለፈ። ትንሣኤ አለፈ። ወይዘሮ መነን ሁለት ጊዜ ስልኩን አንሥተው መልሰው አስቀምጠዋል።

ሐሙስ ግንቦት 8 ቀን ወይዘሮ ፋንታዬ አቶ ባዩን ይዘው ሳን ሆዜ ወደሚገኝ ክሊኒክ ሄዱ። ስለ አመጋገብ የምትመክረዋ ባለሙያ፣ ጠጅና ጣፋጭ መጠጥ እንዲተዉ፣ ከጠጡ ግን አልፎ አልፎ ከምግብ ጋር ትንሽ ብርጭቆ ብቻ እንዲሆን ተናገረች። በስልክ የምታስተረጉመው ልጅ «ደረቅ ወይን ቢሆን ይሻላል ትላለች» አለች። ወይዘሮ ፋንታዬ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ልጅቷ ተሳስታለች፣ ደግማ ትጠይቅ አሉ። ልጅቷ ደግማ ጠየቀችና፣ «እናቴ፣ ስኳር የሌለው ለማለት ነው፤ ፈረንጆቹ ነው ደረቅ የሚሉት» አለች።

አቶ ባዩ እንደሚናገሩት፣ ወይዘሮ ፋንታዬ መኪና ውስጥ ገብተው ቀበቶ ካሰሩ በኋላ ወደ ኦክላንድ እንዲነዱ በእጃቸው አመለከቷቸው። መንገድ ላይ ፍሪሞንት ሲደርሱ፣ «ቤቱን አልቀየረም አይደል?» ብለው ጠየቁ።

በሩን የከፈቱት ወይዘሮ መነን ናቸው። አቶ ደምመላሽ ሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ነበር። ወይዘሮ ፋንታዬ ደፉ ላይ ቆመው ግማሽ የቀረውን ወንድማቸውን አዩ። «ማን ነው እንዲህ ያደረቀህ?» አሉ።

አቶ ደምመላሽ ከየካቲት ወዲህ ያልሳቁትን ሳቅ ሳቁ። «እቴ፣ አሁን ገና በትክክል ተጠቀምሽበት» አሏቸው። ይቅርታ ማን ቀድሞ እንደጠየቀ እስከ መጨረሻው አልተስማሙበትም፤ ሁለቱም «የቀደምኩት እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። ወይዘሮ መነን ወጥ ቤት ገብተው ወንበር ላይ ተቀመጡና ለረጅም ጊዜ አልወጡም፤ ሲወጡ በእጃቸው ፒክፑል ነበር።

ወይዘሮ ፋንታዬ እንደ ልጅነታቸው አሽትተው ቀመሱ። ምላሳቸው ላይ አቆዩት። «ይኼ እኮ ማሩን የጨረሰ ጠጅ ነው። እማዬ እንዲህ ነበር የምትለው። ምኑ ነው ደረቅ?» አሉ። አቶ ደምመላሽ ሃያ ስምንት ዓመት የፈለጉት ቃል ይኸው ነበር፤ ጋኑ አጠገብ ስላልተፈቀደላቸው ሰምተውት አያውቁም። ደብተራቸውን አስመጥተው «ማሩን የጨረሰ» ብለው በራሳቸው እጅ ጻፉ። የደብተሩ የመጨረሻ መስመር ነው።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ፋንታዬ ማክሰኞና ቅዳሜ ሳይቀሩ ይመጡ ነበር። ቀሪዎቹ አሥራ አንድ ሳምንታት ሕመም የበዛባቸው ቢሆኑም፣ ከስምንቱ ዓመታት ይልቅ ቀላል ነበሩ። አቶ ደምመላሽ እሑድ ሐምሌ 27 ቀን 2025 ጠዋት፣ ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና እህታቸው በተገኙበት፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው በኦክላንድ ቤታቸው በሰላም ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ መነን ብርሃነ መስቀልን፣ ልጆቻቸውን ባስልኤልንና ዮዳሄን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ፋንታዬ ሀብቱንና አማቻቸውን አቶ ባዩን በሕይወት ትተዋል። ያስታመሟቸውን፣ የጠየቋቸውንና ዛሬ እዚህ የተገኙትን ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

የአርባ ቀን ተዝካራቸው ቅዳሜ መስከረም 6 ቀን በወይዘሮ ፋንታዬ ቤት፣ ሳን ሆዜ ይደረጋል። ምግቡ ክትፎና ቀይ ወጥ ነው፤ እሳቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ምግቡ ነበርና። «የእቴ» የተባሉት ሃያ ሦስት ጠርሙሶች ይከፈታሉ፤ አንዱ ግንቦት 8 ቀን ተጠጥቷል። በእያንዳንዱ ላይ ወይዘሮ ፋንታዬ «ማሩን የጨረሰ» ብለው ጽፈውበታል። የመጀመሪያው ብርጭቆ የሚቀዳው ለአቶ ባዩ ነው።

በቃና ሠርግ የኋለኛውን ወይን ከፊተኛው ያስበለጠ ጌታ፣ የአቶ ደምመላሽንም የኋለኛ ቀን አሳምሮላቸዋል። ነፍሳቸውን በዚያው ሠርግ ያስቀምጥልን። አሜን።