በሞተሩ ጩኸት መሃል ያልኩት ቃል

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር ነበር። እንዴት እንደሰነበቱ ግን ትናንት ልጅዎ ነግራኛለች፤ ብዕር ያስነሳኝም እሱ ነው። ወርክሾፑ ድረስ መጥታ ሽርጥዎንና መነጽርዎን ልትወስድ ስትል «ጣታቸውስ?» አልኳት።

«ጣቷማ ድኗል። ጆሮዋን ነው ማመን ያቃታት» አለችኝ። መንገድ ብቻዎን መሻገር ትተዋል አሉ። ስልክ ሲጮኽ «እናንተ አንሱት፣ እኔ አጣምሜ ነው የምሰማው» ይላሉ። ደንበኛ ልኬት ሲነግርዎ ሦስት ጊዜ እያስደገሙ፣ በመጨረሻ ሰልችቶዎት የልብስ ስፌት መኪናዎን ሸፈኑት። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብትልዎም «ለእርጅና ምን መድኃኒት አለው?» አሏት። እኔ ሽርጡን አጣጥፌ፣ ፈትቼ፣ እንደገና አጣጠፍኩ። አንድ ሽርጥ ያን ያህል ጊዜ ሲታጠፍ አይታ አታውቅም መሰለኝ፣ ተቀብላኝ ሄደች።

እትዬ፣ ጌጥ መሥራት ላስተምር ከተቀበልኳቸው የጋራ ወርክሾፓችን አባላት ሁሉ እንደ እርስዎ ያለ እጅ አላየሁም። ሌላው በቀን አምስት የመጋዝ ምላጭ ሲሰባብር እርስዎ አንድም አልሰበሩም። «ጨርቅም ብርም ካቻኮሉት ይቀየማል» ብለው አሳቁን። ወደድኩዎት፤ ጥፋቴም ከዚያ ጀመረ። ደንባችን አንድ አባል በመወልወያው ሞተር ብቻውን ከመሥራቱ በፊት ሦስት ጊዜ አጠገቡ ቆሜ እንዳየው ያዛል። እርስዎን አንዴ አይቼ ሦስቱንም ፈረምኩ። ለእርስዎማ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ አልኩ በልቤ።

ሦስተኛው ትምህርት ስለ ሐብል ነበር። ሐብል በእጅ ተንጠልጥሎ ለሞተር አይሰጥም፤ ጣውላ ላይ ተጠምጥሞ ነው የሚወለወለው። ሞተሩ ከነጠቀዎት ደግሞ ወርቅም ይሁን አልማዝ ወዲያው ይለቀቃል። ይህን ማንም አልነገረዎትም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

የእናትዎን ሐብል ይዘው ሞተሩ ፊት የቆሙ ዕለት እኔ የብየዳው ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። ሐብሉ ሲነጠቅ ዞሬ አየሁ። አፌም የለመደውን አወጣ፤ ለወደቀውም፣ ለታመመውም፣ ምላጭ ለሰበረውም የሚለውን። «አይዞዎት!» ብዬ ጮኽኩ። እርስዎም ጭብጥ አድርገው ያዙት። ሮጬ ሞተሩን እስካጠፋው ጣትዎ ተሰብሮ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ የባሰውን ደግሞ በኮሚቴው ፊት አደረግሁት። ሰብሳቢው «ምን ብለህ ነበር የጮኽከው?» ሲለኝ፣ ዓይኔን ሳላሽ «ይልቀቁት ነው ያልኩት» አልኩ። እርስዎ እጅዎ ታስሮ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

«እኔ ይያዙት ያለኝ መስሎኝ...» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «ግዴለም፣ እሱ ብያለሁ ካለ ብሏል። ልጁ አይዋሽም። ጆሮዬ ነው የከዳኝ» አሉ።

ቃለ ጉባኤው ላይ «አባሏ መመሪያ ባለመስማታቸው» ተብሎ ተጻፈ፤ ከመሣሪያም ታገዱ። እኔ «መምህር» የምባልበት ሌላ ቦታ የለኝም፣ እሱን እንዳላጣ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ አልቀለለም። ልጅዎ እስክትመጣ ድረስ ግን እችለው ነበር፤ ይህንንም ማወቅ አለብዎት።

እሷ እንደሄደች ዕቃ ጠባቂያችንን ሞተሩ አጠገብ አቆምኩት። ይህ ሰው፣ እንደሚያውቁት፣ ሦስት ክፍል ማዶ የሚታማውን የሚሰማ ነው። ሞተሩን አስነሥቼ የብየዳው ጠረጴዛ ጋ ሄድኩና፣ ልክ እንደዚያን ቀን «አይዞዎት!» አልኩ።

«ምኑን ነው የምይዘው?» አለኝ።

ደገምኩለት። «ባዶ እጄን አቁመኸኝ ምን ልያዝልህ? ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የሆንኩት?» ብሎ ተቆጣ። እኔ እዚያው ሞተሩ እየጮኸ አለቀስኩ። እሱም ግራ ገብቶት ሞተሩን አጠፋልኝ።

ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ለሰብሳቢው ተናገርኩ። የስልጠና ካርድዎንም አሳየሁት፤ ሦስት ፊርማ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ። ብዙ አልተናገረኝም፣ እጁን ዘርግቶ የወርክሾፑን ቁልፍ ተቀበለኝ። የእርስዎ እገዳ ተነሥቷል። ቃለ ጉባኤውም ይታረማል፤ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ሰሌዳው ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ያነበበ ያንብበው። ተመልሰው ይምጡ ለማለት አፍ የለኝም።

ጆሮዎ አልከዳዎትም፣ እትዬ። «ይልቀቁት» የሚል ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አልተናገረም። ያልተባለ ነገር እንዴት ይሰማል?

ቤትዎ ድረስ መጥቼ እግርዎ ላይ ወድቄ ብነግርዎ ይሻል ነበር። ግን አውቅዎታለሁ፤ ንግግሬን ሳልጨርስ «አይዞህ፣ ልጄ» ሊሉኝ ነው። እባክዎ፣ ለጊዜው አይበሉኝ።

ያላለውን ብያለሁ ያለው፣
አሰልጣኝዎ የነበረው