ንጉሡ «ሠ» በአሮጌው ሰርቨር ውስጥ

ሰኞ

አልገባም አለ። ቤተልሔም ሦስት ጊዜ ጫነችው፤ ሰርቨሩ ሦስቱንም ጊዜ ተፋው።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ኮሌጁ አዲስ የተማሪዎች መዝገብ ገዝቷል። የድሮ ተማሪዎች ውጤት ግን ያለው እኔ ጡረታ ሳልወጣ በተከልሁት የጃቫ ሰርቨር ላይ ነው። ሁለቱን የሚያነጋግር አገናኝ ሶፍትዌር ተገኝቷል፤ እሱ ደግሞ ለብቻው ማሽን ይፈልጋል። ዲኑ «ማሽን አይገዛም» ብለዋል። ስለዚህ አገናኙን እዚያው አሮጌው ሰርቨር ውስጥ፣ ሌላውን ሥራ ሳናስተጓጉል፣ ማስገባት አለብን። ቤተልሔም የኮሌጁ ባለሙያ ናት፤ አስተምሬያታለሁ። የጠራችኝ የሰርቨሩን ጠባይ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።

በረንዳው ላይ ሠናይት ኃይሉ ቆማለች። እሷም ተማሪዬ ነበረች። ለቡ ያለ አንድ ፋብሪካ ሊቀጥራት ነው፤ ማስረጃዋን እስከ ዐርብ ካላቀረበች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ማስረጃ የሚታተመው ከአዲሱ መዝገብ ብቻ ነው ተብሏል። አዲሱ መዝገብ ደግሞ አያውቃትም።

ማክሰኞ

የሚኒባሱ ታፔላ «ሀይሌ ጋርመንት» ይላል። በሃሌታው «ሀ»! ኃይል የሚጻፈው በብዙኃኑ «ኀ» መሆኑን ለረዳቱ ነገርሁት።

«ፋዘር፣ በየትኛውም ሀ ይጻፍ፣ የምናወርድዎ ያው ጋርመንት ነው» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የሰርቨሩ ችግር ተገኘ። የጋራ ፎልደሩ ውስጥ አንድ ያረጀ ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚዋሱት የኮድ ጥቅል፣ አለ። አገናኙ የዚያኑ አዲሱን ይፈልጋል፤ ሰርቨሩ ግን ሁልጊዜ የራሱን አሮጌ ያስቀድማል።

«ቲቸር፣ ይሄን እዚህ የከተተው ማነው?» አለች ቤተልሔም።

ደብተሬን ገለጥሁ። እኔ ነኝ።

ረቡዕ

ገባ! አገናኙ የራሱን ላይብረሪ በራሱ ፋይል ጠቅልሎ እንዲመጣ፣ መጀመሪያም ወደዚያ እንዲያይ አደረግነው። አንድ ፋይል ብቻ። ሰርቨሩ ላይ የነበረው ሥራ ሁሉ ንቅንቅ አላለም።

ዲኑ መጥተው አዩና «እንዲህ ቀላል ከሆነ ሁለት ቀን ምን ስትሠሩ ነበር?» አሉ። ቤተልሔም ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

ከዚያ ሠናይትን ፈለግናት። አልተገኘችም። ሌሎችን ሞከርን።

ታደለ፦ ተገኘ።
መኮንን፦ ተገኘ።
ፀሐይ፦ የለችም።
ሥዩም፦ የለም።
ኃይሉ የሚባል አባት ያለው በሙሉ፦ የለም።

ሠናይት በመስኮቱ በኩል ታየናለች።

ሐሙስ

ቁርስ ላይ ዝርዝሩን ሳየው ነገሩ ገባኝ። የጠፉት ሁሉ ስማቸው ውስጥ ሞክሼ ፊደል አለ። አዲሱ መዝገብ የሚፈልጋቸው እንደ መታወቂያቸው «ሰናይት»፣ «ስዩም» ብሎ ነው፤ አሮጌው ሰርቨር ላይ «ሠናይት»፣ «ሥዩም»። ለእኛ ጆሮ አንድ ነው። ለማሽኑ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው።

አሮጌው ላይ እንዲያ ብሎ የጻፋቸው ማን ነው? እኔ። ሁለት ክረምት ሙሉ ቁጭ ብዬ የእያንዳንዱን ተማሪ ስም አርሜያለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ኮርቼበት ነበር።

ለቤተልሔም ነገርኋት።

«የእኔንም ነክተውታል?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ በሃሌታው ሄ ነው የምጽፈው።»

«ዐውቃለሁ።»

ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ያዘችው። «እንግዲህ አገናኙ መሐል ላይ ተቀምጧል አይደል? እዚያው ያስታርቃቸው። የትኛው ከየትኛው እኩል እንደሆነ እርስዎ ይጻፉልኝ።»

ጻፍሁ። ሠ እንደ ሰ። ሐም ኀም እንደ ሀ። ዐ እንደ አ። ፀ እንደ ጸ። ዕድሜ ልኬን ልዩነታቸውን ሳስተምር ኖሬ፣ ዛሬ ልዩነት የላቸውም ብዬ በገዛ እጄ ፈረድሁ።

ዐርብ

ጠዋት መዝገቡ ውስጥ ተገኘች። ወረቀቱ ታተመ። ሠናይት ተቀብላ አየችውና ፊቷ ጠቆረ። የታተመው በእኔ ፊደል ነው፤ «ሠናይት ኃይሉ»። መታወቂያዋ ሌላ ይላል።

«ፋብሪካው የሌላ ሰው ነው ይለኛል» አለች። ቀጥላም፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ያኔ ሲያርሙትም ነግሬዎት ነበር እኮ ቲቸር። አባቴ ነው ስሜን በእሳቱ ‹ሰ› የጻፈው ብዬዎት ነበር።»

«ምን አልሁሽ?»

«‹አባትሽ ተሳስተዋል› አሉኝ።»

አላስታውስም። ግን የእኔ አነጋገር ነው።

ቁጭ ብዬ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን፣ ስሙን ያለ ፈቃዷ የቀየርሁት እኔ መሆኔን። ዲኑ አጉረመረሙ፤ ማኅተሙን ግን መቱ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወረቀቶቹን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ታክሲው ሮጠች። ፋብሪካው በዐሥር ሰዓት ይዘጋል።

አሁን ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው። ልደውል ብዬ ስልኬ ውስጥ ስሟን ፈለግሁ። እዚያም በንጉሡ «ሠ» መዝግቤአታለሁ። መጀመሪያ እሱን አጠፋሁት።

ሰናይት ሀይሉ።

ደወልሁ። አላነሣችም።