ስለ ኢንጂነር ሙሉሽ ጌታዬ ዕረፍት፤ ስለ ሥራቸው ለጠየቁን እናታቸውም የተሰጠ መልስ

በእስራኤል፣ በቂርያት ጋት ከተማ የሚገኘው የኢንጂነሮችና የቴክኒሻኖች መረዳጃ ማኅበራችን መሥራች አባሉን ኢንጂነር ሙሉሽ ጌታዬን በሞት መነጠቁን የሚያስታውቀው ልቡ ተሰብሮ ነው። ኢንጂነር ሙሉሽ ሕመማቸውን ከብዙዎቻችን ደብቀው እስከ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ሲሠሩ ቆይተው በሠላሳ ሰባት ዓመታቸው አርፈዋል። ገና ነበሩ። አምርረን አዝነናል።

ይህን መግለጫ እንደ ልማዳችን በዕብራይስጥ ብቻ አላወጣንም። ለሺቫው፣ ለሰባቱ ቀን ለቅሶ በተቀመጥንበት ቤት እናታቸው እማማ ሄዋን፣ ልጃቸው በትክክል ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቁን። በሕይወት ሳለች ሲጠይቋት «ብረት አያለሁ» ብላ ታልፋቸው ነበር። ሁላችንም በአንድ ጊዜ አፋችንን ከፈትን፤ የወጣው ግን ሁሉ የዕብራይስጥ የሥራ ቃል ሆነ። እማማም «እንግዲህ ጥሩ ሥራ ነው ማለት ነው» ብለው ወደ ሌሎቹ ለቀስተኞች ዞሩ። ይህ አነጋገራቸው አላስተኛንም። ስለዚህ የማኅበሩ ሥራ አመራር መግለጫው በአማርኛ እንዲጻፍና በሠላሳው ቀን መታሰቢያ ለእማማ እንዲነበብላቸው ወስኗል።

እ.ኤ.አ. በ1991 ኢንጂነር ሙሉሽ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡት በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ነው። ያደጉት እዚሁ ከተማችን ሲሆን፣ ከሠራዊት አገልግሎት በኋላ የሜካኒካል ምህንድስና ተምረዋል።

በዚሁ አቆጣጠር በ2015 በኢንዱስትሪ ቀጠናው በሚገኝ የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ሥራቸው ገና ያልተሠራን ዕቃ በኮምፒዩተር ሥሎ፣ ሥዕሉን በትንንሽ ቁራጭ ከፋፍሎ፣ ጭነት ሲያርፍበት ይችል እንደሆነ ማስላት ነበር። ኮምፒዩተር ሁለት ብረት እንደሚነካካ ካልነገሩት አያውቅም፤ አንዱን በሌላው ውስጥ እንደ ጥላ ያሳልፈዋል። በመካከላቸው የፀጉር ያህል ክፍተት ካለች ደግሞ፣ የሚደግፈው ያጣው ክፍል ሸሽቶ ይጠፋል፤ ስሌቱም መንገድ ላይ ይቆማል። ያኔ ሁሉም ወደ ኢንጂነር ሙሉሽ ይሮጣል።

እሳቸው ጭነቱን ባንዴ አይጭኑም። መጀመሪያ በስሱ ገፋ አድርገው የቱ የቱን እንደሚነካ ያያሉ። የሚንሳፈፈውን ክፍል ለጊዜው በሐሳብ በተፈጠረ ሞላ (ስፕሪንግ) ያስሩታል፤ ብረት ብረቱን ሲነካ ሞላውን ይፈቱታል። ችኩሎቹ እኛ መፍታቱን እንረሳለን። ስሌቱ ያልቃል፣ ሥዕሉም በቀይና በሰማያዊ ያሸበርቃል። እሳቸው ግን ቀና ብለው «ቀለሙስ አምሯል፤ ዕቃውን የያዘው ማን ነው?» ይሉናል። አቤት፣ ያቺን ጥያቄ ስንፈራት! ዕቃውን የያዘው በእውን የሌለው ሞላችን ነበርና።

በ2019 ቃሬዛን ከአምቡላንስ ወለል ጋር አጥብቆ የሚይዝ አንድ መቆለፊያ ወደ ምርት ሊገባ ሲል፣ ስሌቱ «ይችላል» ብሎ ነበር። ኢንጂነር ሙሉሽ የመቆለፊያው ምላስና ጥርስ እንደ ተጣበቀ አንድ ብረት መቆጠራቸውን አይተው አልፈርምም አሉ። አለቆች ተቆጡ። እሳቸውም «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት በዕብራይስጥ ተረጎሙላቸው፤ ማንም አልሳቀም። ማጣበቁ ቀርቶ እንደገና ሲሰላ ግን ምላሱ ከጥርሱ አመለጠ። ለሙከራ የተሠራው ብረትም ሲንቀጠቀጥ ተከፈተ። ቅርጹ ተለወጠ፤ ከዚያ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም።

በ2022 በከተማችን በካርሜ ጋት ሰፈር ለጀማሪዎች የማታ ትምህርት ከፈቱ። ያለ ክፍያ ያስተምሩ ነበር፤ የሚቆጡት ሳይጠይቅ በሚገምት ሰው ላይ ብቻ ነው። ትምህርቱን ተማሪያቸው ሳፒር አንሙት ትቀጥለዋለች፤ ማኅበሩም ከጎኗ ይቆማል።

ለባለቤታቸው ለአቶ ሺሞን፣ ለልጃቸው ለያርደንና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥልን። ሐዘኑ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ አብረን እንሸከመዋለን።

እማማ ሄዋን፣ በዚያ ቀን መልስ ስላጣን ይቅር ይበሉን። አምቡላንስ ሌሊትም ቀንም በሽተኛ ይዞ ይበራል፤ መንገዱ ያነጥረዋል፣ ድንገትም ፍሬን ይይዛል። ቃሬዛው ላይ የተኛው ሰው ግን ካለበት አይነቃነቅም፤ ለምን እንዳልወደቀም አያስብም፣ የልጅዎንም ስም አያውቅም። ልጅዎ ትሠራ የነበረው ይህንን ነው፤ ሰው እንዳይወድቅ።

የቂርያት ጋት የኢንጂነሮችና የቴክኒሻኖች መረዳጃ ማኅበር